የቅዳሜ ከሰዓት መንገደኞች

ለንደን ውስጥ፣ ኮቨንት ጋርደን በሚባለው የቲያትርና የገበያ ሰፈር፣ ከፎርቹን ቲያትር ጀርባ አንድ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ቲያትር ቤቱ ከ1989 እስከ 2023 አንድ የሙት መንፈስ ተውኔት ብቻ ሲያሳይ ኖሯል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፤ አገር ጎብኚውም ለእሱ ይሰለፍ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ግን ለብዙ ዓመታት በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሌላ ዓይነት ሰው ሲገባ ይታይ ነበር። ፊቱን የሩቅ አገር ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጫማው ተረከዙ ያለቀ፣ ኪሱ የበዛ ጃኬት የለበሰ ሰው። ለጸሎት አይደለም የሚመጣው። ወሬ ፍለጋ ነው።

ወሬውም የሰፈር ወሬ አይደለም። የትኛው ኬላ ተከፈተ? የትኛው ኤምባሲ ቪዛ ይከለክላል? በረሃውን የሚያቋርጠው የጭነት መኪና ሰው ይጭናል ወይ? ስንት ያስከፍላል? ከጭነቱ ላይ ነው ወይስ ከሹፌሩ አጠገብ? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ አልነበረም። ቢኖርም ታትሞ እስኪወጣ ያረጃል። መልሱ ያለው ባለፈው ወር በዚያ በኩል ያለፈ ሰው አፍ ውስጥ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ሻይ በእጁ ይዞ አዳራሹ ውስጥ ቆሟል።

ማኅበሩ ግሎብትሮተርስ ክለብ ይባላል። የተመሠረተው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ በ1945 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አስጎብኚ ድርጅት የማይመራው፣ ሆቴልና አውቶቡስ አስቀድሞ የማይያዝለት፣ በትንሽ ገንዘብ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ቢጤውን እንዲያገኝ። ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንዱ ደብዳቤ ይከፍታል፣ አንዱ ተናጋሪ ይፈልጋል፣ አንዱ ወንበር ይደረድራል። በነሐሴ ስብሰባ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተሰብሳቢው መንገድ ላይ ነው።

ለንደን ከዚያ በፊትም የተጓዥ ማኅበር አጥታ አታውቅም ነበር። ፖል ሞል ላይ ያለው ትራቭለርስ ክለብ በ1819 ሲቋቋም፣ አባል መሆን የሚሻ ሰው ከብሪታንያ ወጥቶ ከለንደን በቀጥታ መስመር ቢያንስ 500 ማይል መሄድ አለበት ብሎ ደነገገ። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢለካ ኤደን ወደብ ያደርሳል። ነገር ግን ዋናው ወንፊት ርቀቱ አልነበረም። በዚያ በር የሚገባው መኳንንቱና ዲፕሎማቱ ነው፤ መርከበኛ ዓለምን አሥር ጊዜ ቢዞር ማንም አይጠራውም። በ1830 የተቋቋመው የጂኦግራፊ ማኅበር ደግሞ የአሳሾች ቤት ነው። አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ውስጥ በ1910 የተወለደው፣ በኋላም በ1933 እና በ1934 የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ አፋርን ያቋረጠው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የዚያ ዓለም ሰው ነበር። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1954 የተቋቋመው ሌላው ማኅበር ደግሞ መቶ አገር ያልረገጠ አይግባብኝ አለ። ግሎብትሮተርስ ማይልም ዘርም አገርም አልቆጠረም። መዋጮውን የከፈለ ገባ።

ስለ ማኅበሩ ቁጠባ የሚወራውን ሰምቶ ፈረንጅ ሀብታም ሆኖ ድሃ መምሰል ያምረዋል የሚል ይኖራል። በኋላ ዘመን ይህ እውነት የሆነበት ጊዜ አለ፤ በመነሻው ግን አልነበረም። በ1945 እንግሊዝ ጦርነት ያሸነፈች ግን ካዝናዋ የተራቆተ አገር ነበረች። ስኳሩ፣ ሥጋው፣ ቅቤው በኩፖን ነው፤ የራሽኑ ዘመን ጨርሶ ያበቃው በ1954 ነው። ገንዘብ ያለውም ቢሆን እንዳሻው ይዞ መውጣት አይችልም ነበር። ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የሚመነዘርለት የውጭ ገንዘብ በሕግ ተወስኗል። በ1947 መጨረሻ ላይ ጨርሶ ተከለከለ። ተመልሶ ሲፈቀድ ከፍ ዝቅ ሲል ቆይቶ በ1952 ወደ 25 ፓውንድ ወረደ። በ1966 እንደገና 50 ፓውንድ ላይ ተወሰነ፤ የተመነዘረው ልክም ፓስፖርቱ የኋላ ገጽ ላይ ይጻፋል። ቁጥጥሩ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1979 ነው።

እንግዲህ በ25 ፓውንድ ህንድ ድረስ ልሂድ የሚል ሰው ምን ያድርግ? የሆቴል ዋጋ የሚነግረው አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያለ ሆቴል እንዴት እንደሚታደር የሚነግረው ነው። በየትኛው ወደብ የትኛው የጭነት መርከብ መንገደኛ እንደሚወስድ፣ የትኛው ባቡር ሦስተኛ ማዕረግ እንቅልፍ እንደሚያስወስድ፣ የትኛው የመነኮሳት ገዳም እንግዳ እንደሚያሳድር። የማኅበሩ መሥራች ኖርማን ፎርድ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በጻፋቸው መጻሕፍት ይታወቃል፤ ሀብታም ሳይሆኑ እንዴት መጓዝ እንደሚቻል፣ ኑሮ ርካሽ የሆነባቸው የዓለም ማዕዘኖች የት እንዳሉ፣ በጭነት መርከብ ዓለምን እንዴት እንደሚዞሩ የሚያስተምሩ ናቸው። ርዕሶቻቸው የገበያ ጩኸት አለባቸው። ቢሆንም የዘመኑን ችግር የሚያውቅ ሰው እንደጻፋቸው ያስታውቃሉ።

ማኅበሩ መጽሔት አለው፤ "ግሎብ" ይባላል። መጽሔት ማለት ለማክበር ነው እንጂ በአብዛኛው ዕድሜው ቀጭን ጥራዝ ነበር። አባላት ከመንገድ ላይ የጻፉት፣ ከጉዞ ተመልሰው ያስታወሱት፣ ዋጋ፣ የመርከብ ስም፣ አጋር ፍለጋ ይወጣበታል። "በጥቅምት ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚሄድ፣ የማያጨስ፣ ወጪ የሚጋራ" ዓይነት ማስታወቂያ የተለመደ ነው። የመረዳጃ ዓምድም ነበረው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው በሚቀጥለው እትም ይመልሳል። የሰማ ላልሰማ ያሰማ ማለት በተግባር ይህ ነው።

የዚህ ዓይነት ወሬ ችግሩ ዕድሜው ነው። ከቦሊቪያ የተላከ ደብዳቤ ለንደን ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል። አዘጋጁ እስኪያነበው፣ እስኪታተም፣ ፖስተኛው ደጃፍ እስኪጥለው ሌላ ሳምንታት። ስለዚህ "ድንበሩ ክፍት ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ድንበሩ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ እንደገና ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው ምን እንደተጻፈ ሳይሆን መቼና ማን እንደጻፈው ነበር። ሁሉንም የሚያወድስ ጸሐፊ አለ፤ የእሱ "ንጹሕ መኝታ" ቁንጫ አለው ማለት ነው። ሁሉን የሚያማርር አለ፤ እሱ የጠላው ቤት ሊሞከር ይገባዋል። አንባቢው ጸሐፊዎቹን በስም ያውቃቸዋል፤ ብዙዎቹንም ቅዳሜ በአካል አግኝቷቸዋል።

የዚያ ስብሰባ ትልቁ ነገር ስላይድ ነበር። የዛሬ ወጣት ስላይድ ሲባል ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ገጽ ይመስለዋል። ያኔ ስላይድ ማለት አንድ ስንዝር የማይሞላ የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ክፈፍ ውስጥ የገባች ቁራጭ ፊልም ናት። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩአት መስጊዱም ግመሉም ጥፍር አክለው ይታያሉ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋው የኮዳክ ክብ ማጫወቻ 80 ስላይድ ይይዝ ነበር፤ በዚህም የተነሣ የአንድ ሰው ጉዞ ስንት ወር ቢፈጅ የወሬው ልክ 80 ሆኖ ቀረ። መብራት ይጠፋል። ማራገቢያው ይንሿሿል። ቀጭ ሲል አፍጋኒስታን፣ ቀጭ ሲል ሂንዱኩሽ፣ ቀጭ ሲል ተገልብጦ የገባ አውቶቡስ፤ ጎማው ወደ ሰማይ። አዳራሹ ይስቃል። ባለ ጉዞው በጨለማ ውስጥ ይቅርታ እየጠየቀ ያወጣትና ያስተካክላታል፣ ወይ ደግሞ በችኮላ በጎኗ ያስገባትና አውቶቡሱ ገደል ይገባል።

ተናጋሪው ስለ ፀሐይ መጥለቅ ሲያወራ ከኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ "አውቶቡሱ ስንት አስከፈለህ?" ይህ የአዳራሹ ባህል ነበር። በሌላ ቦታ ነውር የሚመስለው የዋጋ ጥያቄ እዚያ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። መልሱን ማስታወሻው ላይ የሚጽፍ ሰው በሚቀጥለው ክረምት እዚያው አውቶቡስ ላይ ሊወጣ ነው። ውሸት ቢነገረው ተመልሶ ይመጣል፤ ያም ተናጋሪ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲደርስ እዚያው ይገኛል። የመንገድ ወሬን እውነተኛ ያደረገው የሰዎቹ ቅንነት ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ መገናኘት መኖሩ ነው።

ከስብሰባው በፊትም ሆነ በኋላ የብዙዎቹ እግር ወደ ሎንግ ኤከር ያመራ ነበር። ስታንፎርድስ የተባለው የካርታ መደብር ከ1901 ጀምሮ እዚያ ነበር፤ ከአዳራሹ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። መሬት ላይ ተንበርክኮ የሰሃራን ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ደንበኛ ለሻጮቹ ብርቅ አልነበረም። መደብሩ በ2019 ከዚያ ጎዳና ለቆ እዚያው አቅራቢያ ወዳለ አነስ ያለ ቤት ተዛውሯል።

የዚያ ዘመን ዋና መንገድ ወደ ምሥራቅ ነበር። በሚያዝያ 1957 "ኢንዲያማን" የተባለ አውቶቡስ ሃያ መንገደኛ ይዞ ከለንደን ተነሥቶ በሰኔ መጀመሪያ ካልካታ ገባ። የአንድ መንገድ ዋጋው 85 ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት ኢስታንቡል፣ ሱልታናህመት ሰፈር፣ ቾልፓን የሚባሉ ወንድማማቾች አንድ ምግብ ቤት ከፈቱ። ስሙ ላሌ ነው፤ መንገደኞቹ ግን ስሙን ሊይዙት ስላልቻሉ በጣፋጩ "ፑዲንግ ሾፕ" አሉት፤ እሱው ጸና። ምግቡ ከሌላው ቤት ምግብ የተለየ ሆኖ አይደለም ዝናው የወጣው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ነበረ። "ነገ ወደ ቴህራን፣ ሁለት ቦታ አለን፣ ነዳጅ መጋራት" የሚል አለ። የተጣላ ጓደኛውን የሚፈልግ አለ። እናቱ እንዳትጨነቅ የሚለምን አለ። ወደ ህንድ የሚሄደውና ከህንድ የሚመለሰው እዚያ ይገናኛል፤ የሚመለሰው ከስቶና ገንዘብ ጨርሶ፣ የሚሄደው ወፍሮና በጥያቄ ተሞልቶ።

ሁለቱን ለማገናኘት የሞከሩ ወረቀቶችም ነበሩ። ቢት የተባለ የለንደን የወጣቶች የመረጃ አገልግሎት የመንገደኞችን ደብዳቤ እያጠራቀመ፣ በስቴፕለር እያሰረ፣ የየብስ መንገድ ወደ ህንድና አውስትራሊያ የሚል መመሪያ ያሰራጭ ነበር። በ1972 ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ባልና ሚስት በ65 ፓውንድ በገዙት አሮጌ መኪና ከለንደን ተነሥተው፣ አፍጋኒስታን ላይ ሸጠውት፣ በሌላ በሌላው መጓጓዣ ሲድኒ ሲገቡ የቀራቸው 27 ሳንቲም ነበር። ሰው ሁሉ እንዴት አድርጋችሁ መጣችሁ እያለ ሲያስቸግራቸው በ1973 በገዛ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ቀጭን መጽሐፍ አዘጋጁ። ሎንሊ ፕላኔት የተወለደው እንዲህ ነው። ነገሩን ስናስበው የግሎብትሮተርስ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ በሽያጭ መልክ ወጣ ማለት ነው። በ1979 የኢራን አብዮት ፈነዳ፤ በዓመቱ መጨረሻም የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ገባ። የየብስ መንገዱ ተዘጋ። ብዙ ስላይድ በአንድ ዓመት ውስጥ ታሪክ ሆነ።

ማደሪያ ሌላው ጉዳይ ነበር። የዘመኑ መንገደኞች ቤታቸውን ለማያውቁት ሰው የሚከፍቱ ሰዎችን የስም ዝርዝር ይለዋወጡ ነበር። ሰርቫስ የሚባለው እንቅስቃሴ በ1949 ዴንማርክ ውስጥ፣ ቦብ ሉትዋይለር በተባለ አሜሪካዊ የሰላም አቀንቃኝ አነሣሽነት የተጀመረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ጦርነት ያጋጨው ሕዝብ አንድ ጠረጴዛ ላይ እራት ቢበላ ሌላ ጦርነት አይነሣም ብለው ያምኑ ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንደ ግኝት መቆጠሩ ትንሽ ያስቃል። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ "የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ" ካለ ቤት ያፈራውን ሰጥቶ ማሳደር በገጠሩ የኖረ ነው። የቆሎ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ የዞረው ያለ ምንም የስም ዝርዝር ነው። ልዩነቱ፣ የእኛው እንግዳ ውሻ ይጮኽበታል፤ የእነሱው አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፋል።

በዚህ ትዝታ ውስጥ ኢትዮጵያ ራሷ ሁለት መልክ ነበራት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን ሲያቋቁሙና "የ13 ወር ጸጋ" የሚለውን መፈክር ሲያወጡ ያሰቡት ጎብኚ በዲሲ 3 አውሮፕላን ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ እያለ የሚሄደውን ነው። ያ ጎብኚ ሆቴል ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይተዋል። አገር የሚያስተዳድር ሰው ይህን ማሰቡ ትክክል ነበር።

ሌላው መልክ ደርቭላ መርፊ ናት። ከአየርላንዷ ትንሽ ከተማ ከሊዝሞር የተነሣችው ይህች ሴት በ1963 ክረምት፣ አውሮፓ በበረዶ ታፍና ሳለ፣ ሮዝ ባለቻት ብስክሌት ከዳንከርክ ተነሥታ ዴልሂ ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ ትንሽ ሽጉጥ ነበረች፤ መንገድ ላይ ተኩላ አባርራባታለች። በ1966 መጨረሻ ደግሞ ምጽዋ ወረደች፤ ከዚያም በቅሎ ይዛ በትግራይ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጎንደር፣ በላሊበላ አድርጋ አዲስ አበባ ድረስ በእግሯ መጣች። በቅሎውን በአሳታሚዋ ስም ጆክ አለችው። ሽፍታ ዘርፏታል፤ ደጋማው ገበሬ አሳድሯታል። በ1968 ያሳተመችው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። በ2022 በ90 ዓመቷ ስትሞት የቅዳሜ ሰዎች የሚወዱትን ዓይነት ሰው አምሳያ ይዛ ሄደች፤ ወጪዋ ትንሽ፣ ጊዜዋ ብዙ፣ ስንቋ ማስታወሻ ደብተር።

ከኢትዮጵያው አብዮት በኋላ የውጭ አገር መንገደኛ በአገሪቱ እንዳሻው መንቀሳቀስ አልቻለም። ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሰሜኑም ጦርነት ላይ ነበር። አገሬው ደግሞ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይጠየቃል። እዚህ ላይ የማኅበሩ ወዳጆች ብዙም የማያነሡት ነገር አለ። በ50 ፓውንድ ዓለም መዞር ይቻላል ሲሉ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ትልቁን ሀብት አይቆጥሩትም፤ ፓስፖርቱን። በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው የመንገድ ፍቅር፣ በዚያው ባዶ ኪስ የተነሣ ኢትዮጵያዊ ወጣት ድንበር ላይ ሲደርስ ስሙ መንገደኛ አልነበረም፤ ስደተኛ ነው። የሄደበት የሱዳን በረሃ ያው በረሃ ነው። ተመልሶ ግን ስላይድ የሚያሳይበት አዳራሽ አልነበረውም።

ከ1991 በኋላ በሩ ተከፈተ። የፊሊፕ ብሪግስ የኢትዮጵያ መመሪያ መጽሐፍ በ1995 ታተመና የጀርባ ቦርሳ ያዘለ ፈረንጅ ፒያሳን አጥለቀለቃት። ጣይቱ፣ ባሮና ውትማ የተባሉት ሆቴሎች ይያዙ ነበር፤ መንገደኞቹም ጠዋት በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘው ካርታ ይዘረጉ ነበር። ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርደው መንገደኛ ፒያሳ ከመድረሱ በፊት የግድ የሚገናኝበት ቦታ ነበረው። ከአስዋን ወደ ዋዲ ሃልፋ የምትሄደው ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለነበረች የሳምንቱ መንገደኛ ሁሉ አንድ ጀልባ ላይ ያድራል። እዚያ የተዋወቀው ካርቱም ይገናኛል፣ በመተማ አድርጎ ጎንደር ይገናኛል፣ ፒያሳ ሲደርስ ወይ ተጣልቷል ወይ ተዛምዷል። በ2014 በግብጽና በሱዳን መካከል የየብስ ኬላ ሲከፈት ጉዞው ቀለለ፤ ያ የግዴታ ትውውቅ ግን ቀረ።

መኪና ያላቸው ደግሞ ለገሃር አካባቢ አንድ ሆላንዳዊ የከፈተው ግቢ ውስጥ ያርፉ ነበር። ድንኳን ይተክላሉ፣ ከመኪናቸው ሥር ይተኛሉ፣ ማታ ቢራ ይዘው ይሰበሰባሉ። ከሁሉ በላይ የሚወራው ስለ አንድ መንገድ ነው፤ ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንጋይና አቧራ፣ ሽፍታ ያለበት፣ አንዳንዴ በወታደር ታጅቦ የሚታለፍ። መኪና የሌለው ከብት በጫነ መኪና ጣሪያ ላይ፣ ብረቱን ጨብጦ፣ ከሥሩ በሬ እያገሳ ይሄዳል። ከኬንያ በኩል የመጣ ሰው ግቢው ሲደርስ ሰላምታ ሳያገኝ ጥያቄ ይዘንብበታል። ዝናቡ ዘንቧል? ስንት ባሊስትራ ሰበርክ? ኮንቮዩ በስንት ሰዓት ይነሣል? የቸርችል ጎዳናው ዋና ፖስታ ቤት ደግሞ ለመንገደኛ ስም የተላከ ደብዳቤ ያስቀምጥ ነበር፤ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ የአባትን ስም በስም ቦታ ስለሚፈልግ አንዳንዱ ፈረንጅ ደብዳቤው እዚያው እያለ የለህም ተብሎ ይመለሳል።

አሁን የሞያሌው መንገድ አስፋልት ነው። ኮዳክሮም የተባለው የስላይድ ፊልም በ2009 መመረት አቆመ፤ ከዓመት በኋላ በታኅሣሥ 2010 መጨረሻ ካንሳስ የሚገኘው የመጨረሻው ማጠቢያ ቤትም ያን ፊልም ማጠብ አቆመ። ነጻ ማደሪያን በኢንተርኔት ያዳረሰው ካውችሰርፊንግ በ2011 ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆነ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መካከል አባላቱን ክፍያ ጠየቀ፤ ብዙዎቹ ተቆጥተው ወጡ። ለዓመታት ያደሩበትና ያሳደሩበት መዝገብ የእነሱ እንዳልሆነ ያኔ ገባቸው። የግሎብትሮተርስ ወንበር ደርዳሪዎች ቢያንስ በዚህ አይታሙም። ድርጅቱ የአባላቱ ነው፤ ከአባላት በተወረሰ ገንዘብም በራሳቸው ተነሣሽነት ለሚጓዙ ሰዎች ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል።

ወሬው ሁሉ ስልክ ውስጥ ከገባ ወዲያ ለምን ሰው ይሰበሰባል ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ናፍቆት ነው የሚል ነው። ይህ ግማሽ መልስ ነው። ኢትዮጵያ በ2018 የኢንተርኔት ቪዛን ለሁሉም አገር ጎብኚ ስትፈቅድ በመላው ዓለም ዜና ሆነ፤ ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው ተባለ። መኪናውን ከናይሮቢ አስነሥቶ ሞያሌ የደረሰው መንገደኛ ግን ያ ቪዛ የሚያገለግለው በቦሌ ለሚገባ ብቻ መሆኑን ኬላው ላይ ሰማ። ከዚህ በፊት የደረሰበት ሰው ናይሮቢ ካምፕ ውስጥ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ አለመጠየቁ ነው። የዚያን ሰሞን ወደ ሰሜን ያሰቡት ሁሉ ወደ እሱ እየሄዱ፣ ወረቀቱን እያሳዩ፣ የትኛው ኤምባሲ ቢሞከር ይሻላል እያሉ ያማክሩት ጀመር።